ለችግኞች የተቀመጥነው ለቅሶ

ሆሳዕና ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብም በኔ ስር ነው፤ ሌላ የሚፈልገው ስለጠፋ። ክረምት በገባ ቁጥር ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ጊምቢቹ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ጉብታ ላይ እወጣለሁ። እንግዶች በመኪና ይመጣሉ፣ ንግግር ይደረጋል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሳል። እንግዶቹ ሲሄዱ ፍየሎቹ ይመጣሉ። ፍየሎቹ ንግግር አያደርጉም፤ በቀጥታ ሥራቸውን ይጀምራሉ። በዓመቱ ስንመለስ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር እንኳ አያስፈልገንም፣ የአምናው ባዶውን ይጠብቀናል።

ባለፈው ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ገበሬው አባቴ ደውለው፣ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ጠየቁኝ፤ የተማርኩት እኔ ነኝና ማወቅ አለብኝ። በዚያው ሳምንት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሥልጠና ወስጄ፣ ኮፍያና ቲሸርት ተሰጥቶኝ ነበር። ግን ምን ልበላቸው? ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የዓለም ሰዎች ገና እየተወያዩበት ነው ልበል? ስልኩን ዘግቼ ወደ ጉብታው ብቻዬን ወጣሁ። አብዛኞቹ ችግኞች ደርቀው እንደ ክብሪት እንጨት ቆመዋል። እዚያው ቆሜ ክበቡን ለመተው ወሰንኩ።

ውሳኔዬን መጀመሪያ የነገርኩት ለጓደኛዬ ነው። ቤተሰቦቿ ከጉራጌ መጥተው እዚህ ሱቅ ከከፈቱ ቆይተዋል፤ እሷም ባልዲ፣ ሳፋና ጄሪካን ትሸጣለች። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። ሳፋዎቿን እየደረደረች ሰማችኝና፣

«ሞተዋል ነው የምትይኝ?» አለች።

«ሞተዋል።»

«ታዲያ ለቅሶ እንቀመጥ እንጂ።»

እኔ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ ቅዳሜ ጉብታው ላይ ለቅሶ እንዳለ፣ ቲቸር በአንድ ጊዜ ብዙ እንደሞቱባት ነገረች። እነማን ናቸው ሲሏት በረጅሙ ትተነፍሳለች እንጂ አትመልስም። እኛ ጋ ደግሞ ለቅሶ ከተሰማ ነጠላ ዘቅዝቆ መውጣት ይቀድማል፤ ማጣራቱ ኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ተሳስቀን እንመለሳለን ብዬ ስወጣ ጉብታው በሰው ተሞልቷል። የሰፈራችን እድር ድንኳን እየተከለ ነው። የእድሩ ሊቀመንበር፣ ቀልድ የማይወዱ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ፣ መጥተው እጄን ያዙኝ።

«ጌታ ያጽናሽ ልጄ። ሟቾቹ እነማን ናቸው?»

ጓደኛዬን በዓይኔ ፈለግኳት። ሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የሳቅ መሆኑን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ አጠገቧ ያሉት እያባበሏት ነበር።

እኔም በጣቴ የደረቁትን ችግኞች አሳየኋቸው። ሊቀመንበሩ ችግኙን አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፣ ከዚያ በሀዲይኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ገብቶኛል፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ከእድር የምባረርበትን ቃል ስጠብቅ፣ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ እየተደገፉ ወደ ድንኳኑ ገቡ። ከጉብታው ስር ድሮ ምንጭ ነበር፣ ሙሽራ ሆኜ ውሃ የቀዳሁት ከዚያ ነው አሉ።

«እሱ ሲሞት ማንም አላለቀሰም» ብለው ተቀመጡ።

ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። አንድ ሁለት ሰዎች አጠገባቸው ሄደው ተቀመጡ። ጓደኛዬም ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰቡና በሕይወት የቀረ እንዳለ ጠየቁኝ። ጥቂት አሉ፣ ግን አያያዛቸው ደህና አይደለም አልኳቸው። ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ለሞቱት መጥተናል። የታመመ ደግሞ በእድራችን ደንብ ይጠየቃል። ተራ እናወጣለን» አሉ። የመጀመሪያውን ተራ ለኔና ለጓደኛዬ ሰጡን። ቅጣታችን መሆኑ ነው።

በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ተራው የደረሰ ሁሉ ውሃ ይዞ መውጣት ጀመረ። የጓደኛዬ ጄሪካን ገበያው ደራ። ሆን ብለሽ ነው ስላት እስከ ዛሬ አይደለም ብላ ትምላለች። ሊቀመንበሩ የፍየል ባለቤቶችን አስጠርተው፣ በሽተኛ የተኛበት ቤት ፍየል ይገባል ወይ ብለው ጠየቋቸው። በማግስቱ አጥር አጠሩ።

ክረምት ላይ እንግዶቹ እንደ ልማዳቸው መኪና ሙሉ ችግኝ ይዘው መጡ። ሊቀመንበሩ መንገዱ መሃል ቆመው ጠበቋቸው። የቆዩት ሳይድኑ አዲስ በሽተኛ አንቀበልም፣ አልጋ ሞልቷል አሏቸው። የእንግዶቹ አለቃ እጅ ላይ ጄሪካን ተቀመጠ፤ ፎቶውንም እያጠጡ ተነሱ።

ሁሉም አልዳኑም። ዘንድሮም በልጉ ዘግይቶ አባቴ ደግመው ደውለው ያንኑ ጠይቀውኛል። ከእንዲህ ያለ ስልክ በኋላ ክበቡን ልተወው እላለሁ። ነገር ግን የጥየቃ ተራዬ ይደርሳል፣ ቀርቼ የእድሩን ሊቀመንበር ዓይን ከማይ ውሃ መሸከም ይቀለኛል።

ባለፈው ሳምንት ከአንጋጫ አንድ የእድር ሰብሳቢ ደወሉልኝ። እነሱም የተራቆተ ጉብታ አላቸው፤ አሠራሩን እንዳስረዳቸው ፈለጉ። ሁሉንም በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማልቀስ ግዴታ እንደሆነ ጠየቁኝ። ግዴታ አይደለም አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው።