ከሦስተኛው ቦይ በታች

አዋሽ ፖሊስ ጣቢያ የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የባቡር ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። ከረፋድ ጀምሮ ግድግዳውን መደገፍ ስለማይቻል መሐል ወለሉ ላይ ጉልበቴን አቅፌ እቀመጥ ነበር። መስኮት የለውም። በበሩ ሥር በሚገባው ብርሃን የሚያልፍ እግር አያለሁ፤ ጫማ ከሆነ ፖሊስ፣ ባዶ እግር ከሆነ እስረኛ።

ያሳሰረኝ የሬድዮ ዝግጅት ነው። በጥጥ እርሻው ሠራተኞች ሰፈር፣ ምሰሶ ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፣ በየእሑዱ የአካባቢውን ወሬ አሰማ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ የሬድዮ ሰዎች ወደዱትና ለመላው አገር እንዲሰራጭ አስፍተን እንድናዘጋጀው ጠየቁን። በስምምነቱ ደብዳቤ ላይ የፈረመው የሠራተኞች ክበብ ኃላፊ ነው፤ ሥራውን የሠራሁት እኔ። ያኔ አንቱ እለው ነበር። አሁን እሱ እለዋለሁ።

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ዳጉ ይሉታል። በዳጉ የቀጠፈ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም። ለአገር አቀፉ ዝግጅት የአንድ ሽማግሌ ዳጉ በቴፕ ክር ቀዳሁ፤ አስተርጓሚ እያስረዳኝ ቃሉን በአማርኛ አነበብኩት። «አውሮፕላኑ ጥጡ ላይ መድኃኒት ረጨ። ከሦስተኛው ቦይ በታች የጠጡ ፍየሎቼ በአንድ ቀን ሞቱ። እዚያ አታጠጡ።» ኃላፊው አብሮኝ አዳመጠና «ሬድዮ ማለት ይሄ ነው!» አለ። እሑድ ለሰፈሩ አሰማሁት። ሰኞ ከቢሮ ወሰዱኝ። ኃላፊው ክሩን ሰምቼው አላውቅም ብሎ ለፖሊስ ቃል ሰጠ።

በአራተኛው ቀን አንዲት የአፋር ሴት አስገቡ። ከብቶቿ ጥጥ ውስጥ ገብተው ነው። አማርኛ የለመደችው ከገበያ ነው። ትክ ብላ አየችኝ።

«የምሰሶዋ ሴትዮ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ከላይ ስትጮሂ ትልቅ ነበርሽ። ግልገል አታክይም እኮ!»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ምን እንዳየሁ፣ ምን እንደሰማሁ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጠዋት ኃላፊው መጥቶ እንደነበር፣ ነገ መቅረጫውን ይዞ እንደሚመለስ፣ የማነበው ወረቀት እንዳለ ጭምር።

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ሽማግሌው የተናገረው ሐሰት ነው፣ ውሃው ደኅና ነው። ካነበብኩ እፈታለሁ። ዝግጅቱም በመላው አገር ይሰማል።»

«ታነቢዋለሽ?»

«አነበዋለሁ። ተገድጄ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ማነው ሰው ሁሉ? የከተማ ሰው ያውቅ ይሆናል። የእኔ እህት ግን፣ ያቺ የምሰሶዋ ሴትዮ ውሃው ደኅና ነው አለች ሲሏት፣ በማግስቱ ከብቶቹን ወደ ቦዩ ታወርዳቸዋለች።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? አታይም ታስሬአለሁ!»

«እኔስ ሠርግ ቤት ነኝ?» አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

በማግስቱ ወደ ጣቢያው አዛዥ፣ ወደ መቶ አለቃው ቢሮ አስጠሩኝ። ኃላፊው መቅረጫውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ማይክሮፎኑን በመሐረቡ ጠረገልኝ። እንዲህ ያለ ክብር በሥራ ዘመናችን አይቼበት አላውቅም።

«እህቴ፣ ሁለት መስመር ናት። ለራስሽ ብዬ ነው።»

በሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የራሱ እንደሆነ አወቅሁ።

«ለምን እርስዎ አያነቡትም?»

«የእኔን ድምፅ ማን ያምነዋል? ሰው የለመደው ያንቺን ነው።»

መቅረጫውን ከፈተው። ክሩ መዞር ጀመረ። ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። መውጣት እፈልግ ነበር። ያንን ዝግጅት ደግሞ ከመውጣትም አብልጬ እፈልገው ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም። ወረቀቱን አጥፌ መሐረቡ ላይ አስቀመጥኩት።

«አላነብም።»

«ክረምቱን እዚሁ ልታሳልፊ ነው» አለ መቶ አለቃው።

«ያጥፉት» አልኩት ኃላፊውን፤ «ክሩ በከንቱ እየዞረ ነው።»

አጠፋው።

ሴትየዋን ሽማግሌዎች መጥተው አስፈቷት። ስትወጣ እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። እኔ ክረምቱንም ከክረምቱ በኋላ ያለውንም እዚያው አሳለፍኩ። ዝግጅቱ ያለ ዳጉ፣ በዘፈንና በመልካም ምኞት ተሞልቶ፣ በኃላፊው ድምፅ ለመላው አገር ተሰራጨ። እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ሬድዮ ስለነበር ሰማሁት። የከፈተው እኔ በጻፍኩት መግቢያ ነው፤ ቃል በቃል።

አሁን የምኖረው ሰመራ፣ ያኔ ድንጋይ ብቻ በነበረበት ቦታ፣ ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። ኃላፊው ከመሞቱ በፊት ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ በሬድዮ ሰምቼዋለሁ። «አንዲት ጸሐፊ ትረዳን ነበር» አለ። ጸሐፊ አልነበርኩም። ከሦስተኛው ቦይ በታች ከዚያ ወዲህ ስንት ከብት እንደሞተ አላውቅም፤ የነገረኝም የለም። ውሃው ደኅና ነው የሚል የእኔ ድምፅ ግን በየትኛውም ክር ላይ የለም።