በአደም ላይ ያላከክሁት መርዝ

ይህን ለሚስቴም፣ ለልጆቼም፣ ለመስጊዳችን ኢማምም ተናግሬው አላውቅም። የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ። የጻፍሁትም በገዛ እጄ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ፊደልን ከከብት መድኃኒት ብልቃጥ ላይ የለየሁ ሰው ነኝ። በጨፋ ሸለቆ ላም ስትታመም፣ ከከሚሴ ሐኪም ከመምጣቱ በፊት የሚጠራው እኔ ሁሴን ነበርሁ። ይህን የምነግርህ ለጉራ ብቻ አይደለም። ጥፋቱን የሠራው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንድታውቅ ነው።

መርዙን ያኖርሁት እኔ ነኝ።

ጅብ ጊደሬን በላብኝ። በዚያው ሰሞን የጎረቤት በሬ ታሞ ሞተና እንደ ልማዳችን ከመንደር ውጭ ወዳለው የበክት መጣያ ተጎተተ። ሳይታረድ የሞተ ከብት ሐራም ስለሆነ ሰው አይነካውም፤ ጠርጎ የሚጨርስልን ጥንብ አንሳው ነው። ሥጋው በክት ከሆነ ሰው አይጎዳም፣ ሰው ካልተጎዳ ምን ጥፋት አለበት ብዬ አሰብሁ። ለማሽላ ተባይ የምንረጨውን መርዝ አፈሰስሁበት። በብልሃቴ ኮራሁ። ሰውን አሰብሁ፣ ጅብን አሰብሁ፤ በየቀኑ ከራሴ በላይ የሚዞረውን ወፍ ረሳሁ። ረሳሁ ልበል፣ ወይስ ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም?

ሲነጋ የሞተ ጅብ የለም። ጥንብ አንሶቹ ክንፋቸውን እንደ ተሰጣ ጋቢ ዘርግተው በሬውን ከበው ወድቀዋል። አንዱ ገና አልሞተም፤ አንገቱን ለማቅናት ይታገላል። ሰው ሳያየኝ ቀበርኋቸው። ከዚያስ ተውሁ? አልተውሁም። ጅቡን ሳልገድል እጅ አልሰጥም ብዬ፣ ከብት በሞተ ቁጥር መርዝ አኖርሁ። ሰማዩ ባዶ እስኪሆን ድረስ አኖርሁ።

ዓመታት አለፉ። የሞተ ከብት እየሸተተ ይሰነብት፣ የባዘነ ውሻ ይበዛ ጀመር። አንዲት ወጣት የዱር እንስሳት ባለሙያ ከከሚሴ መጥታ ዋርካ ሥር ሰበሰበችን። ወፎቹ እንዲመለሱ ዕቅድ የምናወጣው እኛው ነን አለች። ሸለቆውን መሬት ላይ በዱላዬ የሳልሁላት እኔ ነኝ፦ የቦርከናን ወንዝ፣ ረግረጉን፣ ጎጆ የሚሠሩባቸውን ዛፎች። እንዲህ ያለ ካርታ ቢሮዋ እንደሌለ ራሷ መሰከረች።

“እንግዲህ አባባ፣ ወፎቹን ምን ጨረሳቸው ይላሉ?” አለችኝ።

ሁሉም አፌን ያያል። “መርዝ ነው ልጄ” አልሁ። “ከቆላ ከብት ይዞ የሚወጣው አፋሩ አደም ያኖራል። በጋውን የሚሰፍረው በክት መጣያው አጠገብ ካለው ውኃ ዳር ነው።”

አንድ እኩያዬ፣ “በዓይንህ አይተሃል?” አለኝ።

“አንተ የራስህን በሬ ከሩቅ የማትለይ፣ የእኔን ዓይን ትጠይቃለህ?” አልሁት።

ሰው ሳቀ። አደም የተፈረደበት በዚያ ሳቅ ነው። በዕቅዱ ላይ እሱና ከብቶቹ ከዚያ ውኃ ዳር እንዳይሰፍሩ ተጻፈ።

በበጋው መጥቶ ተመለስ ተባለ። ሰንበቴ ገበያ የከሱ ላሞቹን ለሽያጭ አቁሞ አገኘሁት። እኔ እንደወነጀልሁት አልሰማም።

“አያ ሁሴን፣ እኔ መርዝ አኖራለሁ? ለላሞቼ ጨው እንኳ አጥቼ!” ብሎ ሊስቅ ሞከረ። “አንተ ታውቀኛለህ። ያንተን ቃል ይሰማሉ አሉ፤ ንገርልኝ።”

“እነግራቸዋለሁ፣ ኢንሻአላህ” አልሁት።

“አንተ ካልህማ አለቀ” አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

አልነገርሁም። የአላህን ስም ጠርቼ ዋሸሁት። ላሞቹን ሸጦ ወረደ፤ ዳግመኛ ወደ ሸለቆው ሳይወጣ ሞተ። እኔ ግን በየስብሰባው የፊት ወንበር ይለቀቅልኝ ነበር። እንዴት ተቀመጥሁበት? ተመችቶኝ ነው የተቀመጥሁት።

ዘንድሮ ጥቂት ጥንብ አንሶች ከዋርካው በላይ መዞር ጀምረዋል። የአደም ልጅም ጥቂት ከብት ይዞ መጥቶ፣ በአባቱ ስም ከውኃው ዳር ተከለከለ። በዚሁ ሰሞን አንድ ጎረቤቴ ጅብ አስቸገረኝ ብሎ የማሽላውን መርዝ ሲያዘጋጅ አየሁት። ባለሙያዎቹ ዕቅዱን ሊያድሱ ይመጣሉ፤ ካርታውን ሳልልን ይሉኛል። እስላለሁ፤ ከእኔ የተሻለ የሚስለው የለም። በክት መጣያው ላይ ስደርስ ግን ዱላዬን ተክዬ፣ መርዙን ያኖርሁት እኔ ነኝ፣ አደም የለበትም፣ ከእንግዲህም ማንም እንዳያኖር እላለሁ። ልጁንም ውኃው ዳር ድረስ ራሴ እወስደዋለሁ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ እለዋለሁ። አፉ ባይለኝ አልቀየመውም።

አንተን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ያልተማረ ሽማግሌ ነው፣ አያውቅም ነበር ብለህ እንዳታልፈኝ። አውቅ ነበር።