ሁሉም የተስማሙበት ፍርድ

ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጡ አንድ አይሁዳዊ የሕግ መምህርን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባቸው ነበር። ከምኖርበት ሰፈር ከፍሌሚንግደን ፓርክ ሁለት አውቶቡስ ይዤ ጠዋት ሦስት ሰዓት እደርሳለሁ። ቁርሳቸውን ከበሉ በኋላ የምግብ ጠረጴዛውን ስድስት ወንበሮች ሳሎን ውስጥ በግማሽ ክብ እንድደረድር ያዝዙኛል። የጥንቱ የኢየሩሳሌም ሸንጎ እንደዚያ ነበር የሚቀመጠው አሉኝ፤ ሰባ አንድ ዳኞች፣ እንደ አውድማ ግማሽ፣ አንዱ የሌላውን ፊት እንዲያይ።

እኔ ያንን ሸንጎ የማውቀው በስቅለት ዕለት ሲነበብ ሰምቼ ነው። ወንበሮቹን ስደረድር ደስ አይለኝም ነበር።

ከዚያ እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሱ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ተራ በተራ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ የሚናገር ሰው እንደሚያዳምጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልጃቸው የመርሳት ሕመሙ ነው፣ አትከራከሪያቸው ብላኛለች። አልተከራከርኩም፤ ግን ወደ ወጥ ቤት ስሄድ በወንበሮቹ መሀል ማለፍ ትቼ ግድግዳውን ይዤ መሄድ ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ማዳመጡን ቶሎ ጨረሱ።

«ዛሬ ሁሉም ጥፋተኛ ናት አሉ» አሉኝ። «አንድም የተከራከረላት የለም።»

ታዲያ ምን ትሆናለች ብዬ ጠየቅኩ።

«ትለቀቃለች።»

የሞት ፍርድ የሚያሰጥ ክስ ላይ ዳኞቹ በሙሉ በአንድ ቃል ከፈረዱ፣ ለተከሳሹ መከራከሪያ የፈለገ የለም ማለት ነው፤ ፍርዱም አይጸናም አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ለምን ዝም አልሽ?»

ከሁለት ሳምንት በፊት ስካርቦሮ ውስጥ፣ የዕድራችን ኮሚቴ ሰባት ሆነን ተሰብስበን አንዲት ሴት ፊታችን አስቀምጠን ከዕድሩ አባረናል። ሰብሳቢያችንን የሚሰድብ ስም የሌለው ደብዳቤ በራቸው ሥር ጥላለች ተብሎ ነው። ደብዳቤው ተጣለ በተባለበት ቅዳሜ ግን ከጠዋት እስከ ማታ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኢቶቢኮ ቤቷ ዕቃ ሳሽግላት ነው የዋልኩት። ትልልቆቹ ቀድመው ስለተናገሩ አፌን ያዝኩ፤ እጄንም አወጣሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ለመምህሩማ ጭራሽ።

ወደ ወንበሮቹ ዞር አልኩ። አንደኛው ወደ እኔ ዞሯል። እንደዚያ አላስቀመጥኩትም፤ እሳቸው ደግሞ ሰው ካልደገፋቸው አይነሱም።

በማግስቱ ምንም አላስታወሱም። እኔ ግን በጠየቁኝ ዕለት ለሰብሳቢው ኮል አድርጌ የማውቀውን ተናግሬ ነበር። ጉዳዩ ተዘግቷል አሉኝ። ለሌሎቹም የኮሚቴ አባላት እየዞርኩ ስነግር በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ተሰበሰብን፤ ውሳኔውም ተነሣ።

ልነግራት ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝ፤ ግን ግቢ አላለችኝም። ወደ ዕድሩ እንደማትመለስ ነገረችኝ።

«ያን ቀን ሌሎቹን አላየኋቸውም» አለችኝ። «አንቺን ብቻ ነበር የማየው።»

ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።