በካቡ ውስጥ ነጭ የቀረው አሸዋ

ታናሽ እህቴ የባሕር ኪያሩን፣ ያን ወፍራም ትል መሳይ የባሕር እንስሳ፣ በግራ እጇ ጨብጣ ሆዱን ትሰነጥቃለች፤ አንጀቱን አውጥታ ትጥልና ገላውን ወደሚፈላው በርሜል ትወረውረዋለች። ዐይኗ ሌላ ቦታ፣ እጇ ግን አይስትም። ሃያ ዓመት ሠርታበታለች። ባሏ ጠልቆ ከኮራሉ፣ ሕይወት ካለው የባሕር ድንጋይ፣ ሥር ያወጣል፤ እሷ ቀቅላ ታደርቃለች፤ ነጋዴው በጀልባ መጥቶ ባሕር ማዶ ለሚበሉት ሊሸጥ ይወስዳል። መምጫው ቀርቦ እስኪቀቀሉ ድረስ እንስሶቹ በሕይወት፣ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ፣ ሰፊ የድንጋይ ካብ ውስጥ ይቆያሉ።

አምና ነጋዴው ታሞ ወራት ቀረ። እንስሶቹም በካቡ ውስጥ ተረስተው ከረሙ።

አንድ ጠዋት አብረን ወረድን። ከካቡ ውጭ አሸዋው በጥቁር አተላ ተሸፍኗል፤ ኮራሉም ከሥሩ እየነጣ ይፈረፈራል። ከካቡ ውስጥ ግን አሸዋው ንጹሕ፣ ትንንሾቹ ኮራሎችም ደማቆች ናቸው። እህቴ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«እትዬ፣ ነይ እዪ! አሸዋውን በአፋቸው ይውጡታል፣ ቆሻሻውን ይበሉታል፣ የቀረውን አጽድተው በኋላቸው ይመልሱታል።»

«ጠራጊሽን ቀቅለሽ ስታበቂ ደጄ ቆሸሸ ትያለሽ» አልኳት።

አልሳቀችም። ዓሣው ከፈረሰው ኮራል ሸሽቷል፤ በቅርብ የባሕር ኪያር ስለጠፋም ባሏ በየጊዜው ይበልጥ ወደ ጥልቁ እየገባ፣ አፍንጫው እየደማ ነበር የሚመለሰው።

በዚያው ሳምንት ነጋዴው እመጣለሁ ብሎ ላከ።

«ካቡ ሙሉ ነው፤ እግዜር ሰጠን» አለ ባሏ።

«አንሰጥም። ወደ ኮራሉ ይመለሱ» አለች እህቴ።

«አንቺ ሴት፣ ጤና የለሽም? ትል እንድትንከባከቢ ነው ያገባሁሽ?»

«አንተንስ ስንከባከብ ኖሬ የለ?»

ሳቁ አመለጠው። ከሳቀ በኋላ ግን አኮረፈ፤ ሌሊቱን ተነታርከው ግማሹ ለነጋዴው፣ ግማሹ ለባሕሩ ሆነ። እህቴ የባሕሩን ድርሻ በቅርጫት ተሸክማ በቅርብ ባለው ኮራል ሥር በአንድ ክንድ ርቀት አንድ በአንድ አስቀመጠቻቸው። እሱም በመጨረሻ እያጉረመረመ ቅርጫት ያዘላት።

ኮራሉ ይድን እንደሆነ አናውቅም። አሸዋው እዚህም እዚያም መንጣት ጀምሯል። የሚያሰጋት ሌላ ነው፦ ውኃው ጥልቀት የለውም፣ ባልዲ የያዘ ሁሉ ይደርስባቸዋል። ባለፈው ሰኞ ሦስቱ ጠፍተው ስታለቅስ ዋለች። እሷ መጻፍ ስለማትችል እኔ እለምንላታለሁ። በባሕሩ ዳር ስታልፉ አሸዋ ላይ የተጋደመ፣ ሰነፍ የሚመስል ጥቁር ወፍራም ነገር ብታዩ እባካችሁ አታንሡት፤ ያነሣችሁም ካላችሁ ሳይደርቅ እዚያው መልሱት።