የጎረቤቴ ገለባ

በደርግ ጊዜ ከቀበና ወንዝ በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ እንኖር ነበር። የእኔን ጓሮ ከጎረቤቴ ጓሮ የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ዝናቡ አንድ፣ አፈሩም አንድ፤ ባሕር ዛፉ የሁለታችንንም መሬት መጦታል። ሆኖም የእሱ ጎመን ቅጠሉ እንደ ትሪ ሲሰፋ የእኔ ቢጫ ሆኖ ይኮሰምናል።

ሰውየው ሾፌር ነው። ሲግናል አካባቢ በገለባ ላይ እንጉዳይ አብቅሎ ለሆቴል የሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። እንጉዳዩ ከተለቀመ በኋላ የሚጣለውን ገለባ በጆንያ እየጫነ ወደ ጓሮው ያመጣዋል። አልደበቀውም። እኔን ያቃጠለኝ ጎመኑ ራሱ አልነበረም። ሚስቱ ጎመን በሰሃን በላከች ቁጥር ልጄ፣ እሱን ማለቷ ነው፣ “የጋሼ ነው?” ብላ ጠይቃ ሰሃኑን ትጠርገዋለች፤ የእኔን ግን በጣቷ ትገፋዋለች። ልጅ የአባቷን ድካም ማክበር አለባት፤ ያኔም እል ነበር፣ አሁንም እላለሁ።

ግንቦት ላይ ገለባ ለመንኩት። አንድ ጆንያ ሰጠኝና “ከምረው፣ ክረምቱ ይለፍበት” አለኝ። እንዳልደርስበት ሊያዘገየኝ ነው ብዬ በዚያው ቀን ከጎመኔ ሥር በተንኩት።

ሰኔ ሲዘንብ በጎመኑ መሃል ነጫጭ እንጉዳይ ፈላ።

“የጅብ ጥላ ከበቀለበት ቀጥፌ ለልጄ አላበስልም፤ አንተ ካማረህ ብላ” አለች ሚስቴ።

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። “ወንድሜ፣ ሆቴል ልትከፍት ነው እንዴ?”

አልሳቅሁለትም። እሱ ግን ስቆ ሲያበቃ ሌላ ጆንያ በአጥሩ ላይ ወረወረልኝ። ይህኛውን ጥግ ላይ ከመርኩት። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየጠጣ በሰበሰ፤ ጠቁሮ የጫካ አፈር ሽታ አመጣ። መስከረም ላይ ከመሬቴ ጋር ደባልቄ ጎመን ተከልኩ። ያ ደረቅ አፈር በእጄ ስጨብጠው እርጥበት ይዞ ይቆይ ጀመር፤ ቅጠሉም ሰፋ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጄ ቀመሰችና “እማዬ፣ የጋሼ ነው?” አለች።

“የአባትሽ ነው።”

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። “ገለባው ግን የጋሼ ነው።”

“ዝም ብለሽ ብዪ” አልኳት።

በላች፤ ደግማም ጨመረች። ለዚያ ነበር የደከምኩት፤ ደስ ብሎኝ ሰሃኗን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከአጥሩ ማዶ ሰውየው ሲስቅ ተሰማ። ልጄ ጉርሻዋን ይዛ ቀና አለችና እሷም ሳቀች።