ሃምሳ አለቃ ጠና ያላየው ቦኖ

ሆሳዕና ውስጥ ሃምሳ አለቃ ጠናን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው። ከባድመ ግንባር ግራ ጉልበቱ ውስጥ ፍንጣሪ ይዞ ሲመለስ ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ጦሩ ውስጥ ቃኚ ነበር። አዛዡ «ያላየኸውን አየሁ ካልክ ጓዶችህን ቀበርክ ማለት ነው» እያለ ነበር የሚልከው።

በማታ ትምህርት ዲፕሎማውን ያዘና የመንግሥት ግንባታዎችን በሚቆጣጠር ክፍል ተቀጠረ። ሥራው ተሠራ የተባለውን ሄዶ ማየትና መፈረም ነበር። አንዴ አዲሎ አጠገብ አንድ ተቋራጭ የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ለስኖ ጤና ኬላ ሊያስረክብ ሲል፣ ጠና በቢላዋ ፍቆ ጭቃውን አሳየው። በነጋታው ቤቱ ሙክት ተላከለት፤ በመጣበት ገመድ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቹ «ጠና ካልፈረመ ፀሐይም አልወጣችም» እያሉ ይቀልዱ ጀመር።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በሰኔ፣ ከጊምቢቹ ባሻገር ባለች አንዲት ገደላማ ቀበሌ የተሠሩ ስድስት የውሃ ቦኖዎችን ሊያይ ሄደ። አምስቱን በየተራ ከፍቶ በእጁ ቀድቶ ጠጣ። ስድስተኛው ግን ቁልቁል ታችኛው መንደር ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ጉልበቱ አብጦ ሱሪው ጠቦታል።

የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሽብሩ የመኪናውን በር ይዞ ቆመ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እሱም እንደነዚሁ ነው። በዚህ ጭቃ ምን ያስወርድዎታል?»

ጠና ቁልቁለቱን አየ። ጉልበቱን ዳበሰ። ፎርሙን ጭኑ ላይ አድርጎ «ስድስቱም ውሃ ይሰጣሉ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ሆሳዕና ሳይደርስ ነገሩን ረስቶታል።

አምና አንድ ጠዋት ሃቢባ የምትባል ሴት ጫማዋ በጭቃ እንደተለወሰ ቢሮው መጣች። ቅሬታ ተቀባይዋ ሙሉአለም ከጠና ጠረጴዛ አጠገብ ነው የምትቀመጠው።

«ታችኛው መንደር ያለው ቦኖ ከተሠራ ጀምሮ ጠብታ አልወጣውም» አለች ሃቢባ፣ የአማርኛ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠች። «ዛሬም ወንዝ ወርደን ነው የምንቀዳው።»

ሙሉአለም ፋይሉን አወጣች። «እናቴ፣ እዚህ ውሃ አለ ይላል።»

«ወረቀቱ ላይ ይኖራል።»

«የፈረመው እኮ ሃምሳ አለቃ ጠና ነው! እሱ ያላየውን አይፈርምም። በእርስዎ ቃል እሱን ውሸታም ልበለው?» ሙሉአለም ወደ ጠና ዞረች። «አይደል እንዴ ሃምሳ አለቃ?»

ጠና ጆሮው ድረስ ጋለ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትበቃው። ፊቱን ወረቀቱ ላይ ደፍቶ «እንግዲህ... መዝገቡ ያለው ነው» አለ።

ሃቢባ ለጥቂት ጊዜ አየችው። «እሺ፤ ውሸታሟ እኔ ነኝ» ብላ ሻርፗን ሰብስባ ወጣች።

ሦስት ቀን እህል አልበላ አለው። ባለቤቱ ተናኜ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ደክሞኝ ነው» አላት። መንገድ ላይ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም የሚለው ሰው ሁሉ የሚያፌዝበት ይመስለው ጀመር።

በአራተኛው ቀን ፈቃድ ወስዶ ጊምቢቹ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር፣ የቀረውን በእግሩ ሄደ። ቁልቁለቱን በጎን በጎኑ እየተንፏቀቀ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ቦኖው ደርቆ ቆሟል፤ ሰው ፍየል አስሮበታል። ቧንቧውን ቢከፍት አየር እንኳ አልተነፈሰም። ከኋላው አፈሩን በዱላው ቆፈረ። የተቀበረ መስመር የለም። ለወጉ ያህል የቆመ ሲሚንቶ ነበር።

ሃቢባ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከወንዝ ስትወጣ እዚያው አገኘችው። በሀዲይኛ ሰላም አላት።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ። እዚህ ሳልወርድ ነው የፈረምኩት።»

«ያኔ ቢሮ ዐወቅሁ» አለችው። «ቀና ብለው አላዩኝም።»

«ይቅር በይኝ።»

ጀሪካኑን መሬት አወረደች። «ልጄ ሂክማ ውሃ ተሸክማ ስትወጣ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ተጣሞ ነው የገጠመላት። ይቅርታውን እሷን ይጠይቁ። እኔ የምፈልገው ውሃውን ነው።»

ሂክማ ደጃፍ ላይ ቦሎቄ ትፈለፍል ነበር። ጠና ፊቷ ቆሞ ያደረገውን ነገራት። ልጅቷ ግራ ተጋብታ እጇን ሻርፗ ውስጥ ደበቀችና «ምንም አይደል፣ ጋሼ» አለችው። ብትሰድበው በቀለለው። ዳገቱን ሲወጣ ጉልበቱ ቢያመውም አንዴም አላረፈም።

በማግስቱ ደብዳቤ ጻፈ፦ «ስድስተኛውን ቦኖ ሳላይ ፈርሜአለሁ። ቅሬታ አቅራቢዋ እውነቷን ነው። ፊቴ ውሸታም ስትባል ሰምቼ ዝም ብያለሁ።»

የክፍሉ ኃላፊ ዳኘ አንብቦ ራሱን ያዘ። «ጠና፣ ‹በስህተት› በለው በቃ። ሌላውን ምን አመጣው?»

«ስህተትማ አይደለም። ሰነፍኩ፤ ከዚያ ደግሞ ፈራሁ።»

ደብዳቤው በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ተነበበ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ለአንድ ዓመት ከመስክ ሥራ ታግዶ መዝገብ ቤት ተመደበ። ሙሉአለም ሃቢባ ዘንድ ስልክ ደውላ ይቅርታ ጠየቀች፤ ጠናን ግን ለብዙ ጊዜ ዐይኑን አላየችውም። ከሁሉ የከበደው ግን የአንዳንዶቹ ሙገሳ ነበር። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው፤ ያጠፋውን የሚናገር!» ሲሉት ሰበብ ፈልጎ ይወጣል።

ቦኖዎቹን የሠራው ተቋራጭ የቀረውን የውሃ መስመር እንዲዘረጋ ተገደደ። ስምንት ወር ወሰደ። የምረቃው ቀን ጠናም ተጠርቶ ነበር፤ አሞኛል ብሎ ቀረ። አይቶ እንዲፈርም የተላከው ሚክያስ የሚባል ባልደረባው ነበር።

ሚክያስ ሲመለስ መዝገብ ቤት ብቅ አለ። «ውሃው ይፈሳል፤ ጠጥቼዋለሁ። ስለ አንተም ጠየቁኝ።»

«ማን?»

«ሃቢባ። ‹አልመጣም እንዴ?› አለች።»

«ምን አልካት?»

«አሞታል አልኳት።»

ጠና የያዘውን ፋይል መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና ሌላ አነሣ።