ክሪኬት ደባርቅ የገባ ጊዜ

ደባርቅ ላይ የስፖርት አስተማሪ የሆንኩት በችሎታ አይደለም፤ በቁምጣ ነው። ከመምህራኑ መሀል ቁምጣ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቅዳሜ ልብሴን ሳሰጣ አየና "ይሄ ያንተ ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። በሳምንቱ ጂኦግራፊውን ነጥቀው ፊሽካ ሰጡኝ። በደባርቅ ብርድ ቁምጣ ለብሶ መቆም በራሱ ስፖርት ነው፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ከዚያ ያለፈ ብዙ አልሠራሁም።

ፊሽካው ደግሞ ሌላ ሹመት ጎትቶ መጣ። የአውራጃው ስፖርት ኮሚቴ ፀሐፊ ተደረግኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሰው ሲያስነጥሰውም ኮሚቴ የሚቋቋምበት። የኛ ሊቀመንበር አንድ ደቃቃ ካድሬ ነበር፤ ሰውነቱ ለግማሽ ሰው፣ ድምፁ ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ። አንድ ቀን ስብሰባ ጠራንና ከጎንደር መመሪያ መምጣቱን ነገረን። እያንዳንዱ አውራጃ ከእግር ኳስና ከመረብ ኳስ ሌላ አንድ አዲስ ስፖርት እንዲያስፋፋ ታዟል።

"ሐሳብ ስጡ ጓዶች" አለ።

አንዱ ዋና አለ። ውኃው የት አለና! ሌላው ብስክሌት አለ። "ሊማሊሞን ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ማን ይመልሰዋል?" ተባለና እሱም ቀረ። ዝም ዝም ሆነ። ዝምታ ደግሞ እኔ አልወድም። "ፊዚክስ የሚያስተምረው ህንድ የሚጫወተው አንድ ነገር አለ" ብዬ ጣልኩ። እንግዲህ ክሪኬት ወደ ስሜን አውራጃ የገባው በዚህ በር ነው።

ህንዱ መምህር፣ ተማሪውም እኛም "ሚስተር" ብቻ የምንለው፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተጠራ። ክራቫት አስሮ መጣ። እሱ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ እኔ እተረጉማለሁ። የሱ እንግሊዝኛና የኔ እንግሊዝኛ ግን ተዋውቀው አያውቁም። እንደምንም ብዬ አስረዳሁ፦ በያንዳንዱ ወገን አሥራ አንድ ሰው አለ። ሦስት ችካል መሬት ላይ ይተከላል። አንዱ ችካሉን ለመጣል ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በእንጨት እየመታ ይከላከላል። ኳሷ ርቃ ስትሄድ መቺው እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል።

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለ ሊቀመንበሩ።

ሚስተር ትንሽ አሰበና መለሰ። እኔ ሰምቼ ሁለቴ አስደገምኩት።

"አምስት ቀን ሊሆን ይችላል ይላል።"

"አምስት ቀን? እርሻውን ማን ያርሳል?"

"መሀል ላይም ሻይ ይጠጣል ይላል።"

"ሻዩን ሰርዝ" አለኝ ሊቀመንበሩ። "የቡርዧ ነገር ነው። አምስቱን ቀን ወደ ግማሽ ቀን አውርደው። ልብሱስ?"

"ነጭ ነው አሉ።"

ሁላችንም ዞረን የገበሬ ማኅበሩን ተወካይ አየን። ጥግ ላይ በነጭ ጋቢ ተጀቡኖ ያንቀላፋል። "እሱስ አለን" አለ ሊቀመንበሩ፣ ጉዳዩም በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ከዚያ ማደራጀት ነው። የመሣሪያ ንዑስ ኮሚቴ፣ የዳኝነት ንዑስ ኮሚቴ፣ የቅስቀሳ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስቱም ውስጥ አባል ነበርኩ፤ ሁለቱ ውስጥ ብቻዬን። መምቻውን ሚስተር በጠመኔ ሥሎ ለአናጢ ሰጠነው፣ አናጢውም ከዋንዛ ጠረበው። ኳሷን ኮርቻ የሚሰፋ ሰውዬ ጨርቅ ጠቅጥቆ በቆዳ ሰፋት። ሚስተር መምቻውን አንሥቶ ወዝወዝ ሲያደርገው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደስ ብሎት ይሁን አዝኖ አልጠየቅኩትም።

ተጫዋች ላይ ተቸገርን። የከተማው ወጣት የለመደው እግር ኳስ ነው፤ ያቺ ድንጋይ የመሰለች ኳስ ወደሱ ስትመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ስለዚህ የገና ጨዋታ ተጫዋቾችን መፈለግ ጀመርኩ። ዱላና ኳስ የሚያውቅ እነሱ ናቸው። የሁሉም አለቃ ደግሞ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ ዳር የሚኖር አንድ ገበሬ ነበር። ረጅም፣ ክንዱ እንደ ሞፈር። ጭላዳ ገብሱ ውስጥ ሲገባበት ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ በድንጋይ የፈለገውን መርጦ ያባርራል ይባል ነበር። ሄጄ አየሁት፤ እውነት ነው።

ችግሩ ክንዱ አይደለም፣ አፉ ነው። ከወር በፊት በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ "አስተያየት ያለው?" ሲባል እጁን አውጥቶ አስተያየቱን በግጥም ሰጠ። ቀበሌው አሰረው። ሲፈቱትም "ሁለተኛ ግጥም ከሰማን ጎንደር ትወርዳለህ" ብለውታል፤ ጎንደር ማለት ወህኒ ቤቱ ነው። እና ልወስደው ስጠይቅ ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች።

"እጁን ውሰድ" አለችኝ። "አፉን ግን እዚህ ተውልኝ። እንደወሰድከው ትመልሰዋለህ፤ አራት ልጅ አለኝ።"

"እመልሰዋለሁ እመቤት" አልኳት። እኔ ዱሮም ቃል ስሰጥ ቸር ነኝ።

ልምምዱ ሲጀመር የኛ ሰዎች አንድ ነገር አልገባቸው አለ። መቺው ኳሷን ሲመታት ሁለቱም ወገን የገና ዱላውን ይዞ ግር ብሎ ይከተላታል። ወርዋሪም ተከላካይም የለም፤ ሁሉም ኳሷን ነው የሚፈልገው። ሚስተር "ኖ! ኖ!" እያለ ከኋላቸው ይሮጣል። እነሱ እሱም ኳሷን ፈልጎ የሚሮጥ ይመስላቸውና "ይሄ ህንድ ቀላል ሰው አይደለም!" እያሉ ያደንቁታል። እየቆየ ግን ለመዱ። ቦታ ቦታቸውን ይዘው መቆም ቻሉ። የገበሬውን ውርወራ ያየ ቀን ሚስተር እጁን ይዞ አልለቅ አለ፤ ገበሬውም ሰላምታ መስሎት ትከሻውን እየመታ አስቸገረው።

እኔ በየቀኑ ልምምዱ ሲያልቅ ያችኑ እነግረዋለሁ፦ "ጋሼ፣ ይወርውሩ፣ ይምቱ፣ ይሩጡ። መናገር ግን የለም።"

"ኧረ ዝም ነው ልጄ። ምን አለኝና እናገራለሁ?"

ጨዋታው ከዳባት ጋር ተባለ። ወገራ አውራጃም የራሱን ቡድን አቋቁሞ ነበር፤ እንዴት እንዳቋቋመ እግዜር ይወቅ። ዳባቶች በጭነት መኪና ተጭነው እየዘፈኑ መጡ። ከጎንደር ደግሞ አንድ ትልቅ ጓድ በላንድሮቨር መጣ። ትልቅ ስል በሥልጣንም በሰውነትም ነው። መጀመሪያ ሆዱ ወረደ፣ ቀጥሎ እሱ። ወንበር አቀረብንለት፤ አይስቅም፣ አያወራም። ሊቀመንበሩ አጠገቡ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

ጨዋታው ሲጀመር ሁሉም ነገር አማረ። የኛ ሰውዬ እየወረወረ የዳባትን ችካል አንዴ፣ ደግሞ አንዴ ጣለው። ሚስተር መሀል ቆሞ ይዳኛል፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። እኔ በቁምጣ ዳር ላይ ቆሜ እንደ አንድ ትልቅ ሰው አጨበጭባለሁ። ከዚያ አንድ የዳባት ጎረምሳ ኳሷን እንዲያ አድርጎ መታት፣ ከሕዝቡ አናት በላይ ሄደች። ሰዉ ጮኸ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ወገን መዝለል ጀመረ። ያኔ ማጨብጨቤን አቆምኩ።

ለምን መሰላችሁ? ኮሚቴው ለሁሉም ነገር ደንብ አውጥቷል፤ ለዘፈን ግን አላወጣም። በኛ አገር ገና ሲጫወቱ ዱላው እንዳለ ሁሉ ስድብም አለ። በዚያ ቀን ሹሙን ፊት ለፊት መስደብ ይቻላል፣ እሱም ላይቆጣ ነው። በማግሥቱ ወደ እጅ መንሣቱ ይመለሳሉ። አሁን ይሄ ገበሬ ምን ያያል? ዱላ አለ። ኳስ አለ። ሁለት ወገን አለ። ነጭ ልብስ አለ። ወንበር ላይ የተጎለተ ትልቅ ሰው አለ። ታዲያ ምን ጎደለ?

ሰውዬው ኳሷን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና እጁን ወደ ላይ አነሣ። መጀመሪያ ወደኔ ነበር የዞረው፦

አሠልጣኝ መጣልን አሉኝ ከከተማ፣
ቁምጣው ነው የመጣው እግሩማ የለማ።

"ሆ!" አለ ሰዉ፣ ተቀብሎ ደገመው። እኔም ሳቅሁ። እግሬን ለዘፈነበት ሰው ምን እላለሁ፣ ያየውን ነው የተናገረው። በልቤም "በኔ ይብቃ፣ በኔ ይብቃ" እላለሁ። አልበቃም። ወደ ወንበሩ ዞረ፤ አክብሮ ጎንበስ ብሎ ቀጠለ፦

ሆድዎ ደረሰልን አሁን በመኪና፣
እርስዎስ መቼ ነው የሚመጡት ገና?

"ሆ" ያለ ሰው የለም። ሊቀመንበሩ እኔ አጠገብ እንዴት እንደደረሰ አላየሁም።

"ያ ግጥም የሚለው ሰውዬ ነው አይደል?" አለኝ በጥርሱ መሀል።

"ጓድ፣ እሱ እኮ ገና መስሎት ነው..."

"ዛሬውኑ ጎንደር ይወርዳል። አንተም አብረህ ነህ፤ እንዳንተ ላለ ሰው መኪናው አይጠብም።"

እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት የታየኝ ወህኒ ቤቱ አይደለም። በሩ ላይ የቆመችው ሴትዮ ናት። ምን ብዬ ነው ብቻዬን የምሄድባት?

ትልቁ ጓድ ተነሣ። ኮቱን አውልቆ ለሊቀመንበሩ ሰጠ። ሊቀመንበሩ ኮቱን እንደ ታቦት አቀፈው። ጓዱ ሜዳውን አቋርጦ ቀጥ ብሎ ወደ ገበሬው ሄደ፤ እኔም ምን እንደነዳኝ ሳላውቅ ከኋላው ተከተልኩ።

"ሆዴ መቼ መጣ ነው ያልከው?" አለው።

"አሁን፣ በመኪና፣ ጌታው" አለ ገበሬው። ምንም አላፈረም።

ጓዱ ከዳባቱ ጎረምሳ እጅ መምቻውን ተቀበለና ችካሉ ፊት ቆመ። "እስቲ ወርውር" አለ።

ገበሬው ወደኔ አየ። በዓይኔ ለመንኩት፦ "ይሳቱት ጋሼ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ይሳቱት።" ያ ሰው ጭላዳ ስቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን የሚያክል ሆድ ተሸክሞ የቆመውን እንዴት ይስታል? ወረወረ። ጓዱ ነፋሱን መታ። ሦስቱም ችካል ተነቅሎ ወደቀ።

ሚስተር ፖለቲካ አያውቅም። ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረና "አውት!" ብሎ ጮኸ።

"ምንድን ነው የሚለው?" አለኝ ጓዱ።

"ጓድ... ይውጡ ነው የሚለው።"

"እኔን?"

"በጨዋታው ደንብ መሠረት ነው ጓድ። ደንቡን ያወጣነው እኛ አይደለንም።"

ጓዱ ችካሉን አየ፣ ህንዱን አየ፣ ገበሬውን አየ። ከዚያ ያ ሆድ ከታች ጀምሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነበር! ሳቁ እስኪወጣ ድረስ እኔ አንድ ዓመት አረጀሁ። "እኔ እኮ የወገራ ልጅ ነኝ" አለ እንባውን እየጠረገ። "በገና አባቴን ሰድቤ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጎንደር ከተሾምኩ ወዲህ የሚሰድበኝ አጥቼ ከረምኩ።" መምቻውን ትከሻው ላይ ጣለና ለዳባት ወግኖ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለደባርቅ መለሰ፦

ዱላችሁ ሲወርድ ኳሷማ ሄዳለች፣
እናንተን ንቃችሁ ዳባት ተኝታለች።

ሕዝቡ ሆ! ብሎ ፈነዳ። ዳባቶች ጭነት መኪናው ላይ ወጥተው ጨፈሩ። ሊቀመንበሩ የጓዱን ፊት አንዴ አይቶ አረጋገጠና ከሁሉም በላይ መሳቅ ጀመረ፤ ኮቱን እንዳቀፈ ነው። እኔ እግሬ ከድቶኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ እንዳለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ማን አሸነፈ ብትሉኝ ሚስተር ብቻ ነው የሚያውቀው። ደባርቅ ነው እያለ በየሰዉ ፊት ጣቱን እየቆጠረ ያስረዳ ነበር፣ የሰማው ግን የለም። ጓዱ ላንድሮቨሩ ውስጥ ሲገባ ሊቀመንበሩን ጠርቶ "ይህን ሰውዬ ማንም እንዳይነካብኝ፤ ለከርሞ እፈልገዋለሁ" አለው። ሊቀመንበሩም "እኛም እሱን ነበር ያሰብነው ጓድ" አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ስድብ በክሪኬት ደንባችን ውስጥ እንዲካተት ሐሳብ ያቀረበው እሱው ነው፤ በተፈቀደ ሰዓት ብቻ ተባለ እንጂ።

እኔና ገበሬው ሽቅብ ወደ ቤቱ መንገድ ያዝን። ሰውዬው አይናገርም። ሳውቀው እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ደንግጦ ይሆናል ብዬ አዘንኩለት።

"አይዞዎት ጋሼ፣ አለፈ እኮ" አልኩት።

"አላለፈም" አለኝ። "ሰውዬው ቀድሞኝ ሄደ። ሳልመልስለት!"

ለካ መልስ እየፈለገ ነው። ትንሽ እንደሄድን ድንገት ቆመ፣ ፊቱ በራ፣ ዞሮ ወደ ታች ወደ መንገዱ ሮጠ። ልብሱን ይዤ ተጎተትኩ። እሱ ግን ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሞ በሙሉ ድምፁ ለቀቀው፦

ዳባትማ ብትተኛ ትነሣለች ነግቶ፣
መኪናው ግን ወየው ያን ሆድዎን ጎትቶ።

ወደ ታች አየሁ። መንገዱ ላይ አቧራው እንኳ ሰክኗል፤ መኪናው የለም፣ ሰውም የለም። ማንም አልሰማም። ዓይኔን አመንኩና አጠገቡ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ጋሼ" አልኩት፣ "ይድገሙት እስቲ። ትንሽ ጮክ ያድርጉት።"